አሥራ ሁለት ጊዜ የሞቱት ጋሽ ዱካለ

ጋሽ ዱካለ በሕይወት ሳሉ አሥራ አንድ ጊዜ ሞተዋል። ሞታቸውን ሁልጊዜ የሚያውጁት ራሳቸው ነበሩ፤ በገዛ ድምፃቸው፣ በእድራችን ቤት ጣሪያ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ። የሰፈሩ ሰው መሞታቸውን በሰማ ቁጥር “እሰይ” ይል ነበር። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ጠዋት ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ሱቄ በር ላይ ቆመው “ዱካለ አረፈ” ሲሉኝ፣ እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝ “ድምፁ ተስተካከለ ማለት ነው?” ብዬ ጠየቅኋቸው። ነጠላቸው መዘቅዘቁን ሳይ ነው የገባኝ።

ሱቄ ዲላ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ካለው መንገድ ዳር ናት። ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ፣ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ግድግዳ የምጋራው ከእድሩ ቤት ጋር ነው፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ብረት ድስቶቹ ከሚቀመጡበት። ጋሽ ዱካለ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስተው ሰፈሩን በእግራቸው እየዞሩ ጡሩንባቸውን ይነፋሉ፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። ከዚያ በፊት ሬኮ በሚባል አገር፣ ቡና ማጠቢያው ውስጥ፣ የመፈልፈያ ማሽን ሠራተኛ ነበሩ። ማሽኑ ሲያስቸግር ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጥፈው ያዳምጡት ነበር። “ሌላ ሰው መፍቻ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ጆሮ ይዤ እመጣለሁ” ይሉ ነበር። ሌላ ጉራ ሲነፉ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ዓመት ሐኪም ደረታቸውን አይቶ ጡሩንባ መንፋት ከለከላቸው። እድሩ ሌላ ሰው ሊተካ ሲሰናዳ ጋሽ ዱካለ ታመሙ፤ በደረታቸው ሳይሆን በነገሩ። ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ስጠይቃቸው “እኔ ከተውኩ ስማቸውን አስተካክሎ የሚጠራ የለም” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእኛ እድር ጌዴኦው፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ ሲዳማው፣ ከሸዋ የመጣነውም ሁላችን አለን። እሳቸው የእያንዳንዱን ስም የወለደችው እናት እንደምትጠራው አድርገው ይጠሩት ነበር። የራሳቸው አማርኛ ግን የራሳቸው ነው። እኔን ሴቷን “አንተ” ይሉኛል፣ ኮምፒውተሩን “እሷ”። ለማረም ሞክሬ ተውኩት፤ መጨረሻ ላይ “አንተ” ሲሉኝ ደስ ይለኝ ጀመር።

ኮምፒውተሩ የመጣው ከናትናኤል ነው። ናትናኤል ጓሯቸው ያለችውን ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የአዲስ አበባ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ተመርቆ ሲሄድ አሮጌ ዴስክቶፑን ትቶላቸው ሄደ።

“ፋዘር፣ ሊኑክስ ነው ያለበት። ቫይረስ የለ፣ መጨናነቅ የለ፣ ምን የመሰለ ዕቃ ነው” አላቸው ሻንጣውን እየጫነ። “ብቻ አልፎ አልፎ ሳውንድ ያስቸግራል።”

ከድምፅ በቀር ሥራ ለሌለው ሰው፣ ድምፅ ብቻ የሚያስቸግር ኮምፒውተር ሰጥቶ ሄደ። ጋሽ ዱካለ ግን እንደ በረከት ነው የተቀበሉት። የሟቹን ስም በማይክ ይናገራሉ፣ ኮምፒውተሩ ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በድምፅ ማጉያው እየደጋገመ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ደረታቸው አይደክምም። የእድሩ ሊቀመንበር ሀጂ ሙዘይን፣ ከመንገዱ ማዶ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡት፣ ነገሩ ከመጀመሪያው አልተዋጠላቸውም። “ጡሩንባ ገመድ የለውም” አሉ። “ገመድ የሌለው ነገር ምኑ ይበላሻል?” ጡሩንባውም እንዳይጣል አዝዘው የእድሩ ቤት ግድግዳ ላይ በሚስማር አሰቀሉት። ሚስማሩን ከሱቃቸው ራሳቸው አመጡ። ማሽኑ አንድ ቀን ሰው ካሳፈረ ጡሩንባው ይወርዳል፣ ጋሽ ዱካለም ያርፋሉ ተባለ። ጋሽ ዱካለ ያንን ጡሩንባ ቀና ብለው ሳያዩ ኮምፒውተር ከፍተው አያውቁም።

ድምፁ የጠፋ ቀን እንደ ሌላው ሰው አይደናገጡም። መጀመሪያ ኮፍያቸውን አውልቀው ስክሪኑ አናት ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ ይሉና “መጨረሻ የሰማው ማነው?” ብለው ይጠይቃሉ። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ሰው ሞተ ተብሎ ለቅሶ ቤት የገባ ሽማግሌ እንደሚጠይቀው፣ መቼ፣ የት፣ ምን ሲል እንደሰማህ እያሉ ያጣራሉ። እኔ ትዕግሥት የለኝም። ፕሪንተሬ ወረቀት ሲጎርስ በጥፊ የምመታ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ ጥያቄያቸው እበግን ነበር።

አንድ ጊዜ የእድሩ ስክሪን ተቃጥሎ ከሱቄ ትርፍ ስክሪን አዋስኳቸው። ሰካነው፣ ምስሉ መጣ፣ ድምፁ ጠፋ። ድምፁን ጨመርኩ፣ ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ሰደብኩት።

“ቁጭ በል፣ ሰብለ” አሉኝ። “ትናንት ያልነበረ፣ ዛሬ የመጣ ምንድን ነው?”

“ስክሪኑ ነዋ። ስክሪን ከድምፅ ጋር ምን አገናኘው?”

“እሱን ጠይቀው እንጂ።”

የድምፁን ቅንብር ከፈትኩ። ድምፁ የሚወጣበት የሚመረጥበት ቦታ ላይ የአዲሱ ስክሪን ስም ተመርጦ ተቀምጧል። ለካስ የስክሪኑ ገመድ ምስል ብቻ ሳይሆን ድምፅም ይወስዳል፤ ኮምፒውተሩ አዲስ እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ነበር። ስክሪኑ ግን ድምፅ ማውጫ የለውም።

“አየህ፣ አልጠፋም” አሉ ጋሽ ዱካለ፣ አንድ ሰው ከሆስፒታል የወጣላቸው ያህል ደስ ብሏቸው። “እሷ ስትናገር ነው የዋለች። የምታናግረው ሰው ነው አፍ የሌለው።”

ወደ ድሮው መለስኩት፣ ሠራ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም ከመሳደቤ በፊት ቁጭ ማለት ጀመርኩ። ሁልጊዜ አይደለም።

የማኅተሙ ታሪክ ከዚህ ይብሳል። ኮምፒውተሩ የሚከፈተው በናትናኤል ስም ስለነበር ለጋሽ ዱካለ በራሳቸው ስም መክፈቻ አወጣሁላቸው። በእሳቸው ስም ሲከፈት ድምፅ የለም፤ በናትናኤል ስም ሲከፈት አለ። የምናውቀውን ሁሉ ሞከርን። አልሳሚክሰር የሚባለውን፣ ጥቁር መስኮት ላይ ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ የሚታየውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ከፍተን ከእያንዳንዱ ምሰሶ ሥር የተዘጋ ካለ አየን። ምንም የለም። ናትናኤል ጋ ደወልን።

“ፋዘር፣ ቀላል ነው” አለ በስልኩ። “አንተ ኦዲዮ ግሩፑ ውስጥ የለህም። የድምፁ ቡድን አባል አይደለህም ማለት ነው። ሰብለ አንድ መስመር ትጻፍልህና ትገባለህ በቃ።”

ለእኔ አንድ መስመር ነው። ለጋሽ ዱካለ ግን አባልነት ቀልድ አይደለም። በእኛ እድር አባል የሚሆን ሰው በማመልከቻ ጠይቆ፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ነው የሚገባው። በመስኮት የገባ ሰው የለም። እኔ መጻፍ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

“አባል ሳልሆን አባል ነኝ ብለህ ትጽፋለህ? እኔ በሌብነት አልገባም።”

ማመልከቻውን እኔው ጻፍኩ፣ ሥራዬ ነውና። “ለእድሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ። ጉዳዩ፦ የኮምፒውተሩ ድምፅ ቡድን አባል ለመሆን ስለመጠየቅ።” ኮሚቴው እሑድ ተሰበሰበ። ሀጂ ሙዘይን ለግማሽ ሰዓት ያህል ቡድኑ ውስጥ እስካሁን እነማን እንዳሉ ጠየቁ። ኮምፒውተሩን ጠይቄ ናትናኤል ብቻ እንዳለ ነገርኳቸው። “ሰፈሩን ለቅቆ የሄደ ሰው አባል ሆኖ ይቆያል?” አሉ። ናትናኤል በሌለበት ተሰናበተ። ጋሽ ዱካለ በሙሉ ድምፅ ገቡ። ሦስት ሰው ፈረመ። ሀጂ ማኅተሙን አርሰው ወደ ስክሪኑ ሲሄዱ መሀል ላይ ገብቼ ወረቀቱ ላይ እንዲያሳርፉት ለመንኳቸው። ከዚያ መስመሯን ጻፍኩ፣ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ተከፈተ፣ ድምፁ መጣ። የሠራው ማኅተሙ ነው ብለው ሁሉም አመኑ። ከዚያ በኋላ ድምፅ በጠፋ ቁጥር ሀጂ ሙዘይን መንገዱን ተሻግረው መጥተው መጀመሪያ የሚሉት “ቃለ ጉባኤው ይታይ” ነበር።

ጋሽ ዱካለ ሳል ሲበዛባቸው አንድ ነገር አሰቡ። ሰው በሞተ ቀን ሳል ይይዛቸውና ስሙን ያበላሹታል። ስለዚህ የአባላቱን ሁሉ መርዶ ደህና ሳሉ አስቀድመው ለመቅዳት ወሰኑ። የአባላቱን መዝገብ ይዘው ከሱቄ ግድግዳ ጀርባ ተቀምጠው፣ በቀን አምስት ስድስት ሰው እየገደሉ፣ ሁለት ወር ፈጀባቸው። ለኦርቶዶክሱ “አርፈዋል”፣ ለሙስሊሙ “ወደ አኼራ ሄደዋል”፣ ለጴንጤው “ወደ ጌታ ሄደዋል” ይላሉ። የሁሉም መርዶ መጨረሻ ላይ “የቀብሩ ሰዓት” ብለው ያቆማሉ፤ እውነተኛው ቀን ሲደርስ ሰዓቱን በማይኩ ራሳቸው ይጨምራሉ።

ወሬው ሲሰማ ሰፈሩ ተቆጣ። ቀጥሎ ግን ሰው አንድ በአንድ የራሱን መስማት ፈለገ። አናናስ የምትሸጠው ጎረቤታችን ሰምታ ሲያበቃ “ትንሽ አዝነው ቢሉት” ብላ እንደገና አስቀዳች። ሀጂ ሙዘይን “ይህ ሟርት ነው” ብለው በኮሚቴው ፊት ተቃወሙ። ሰው ሲበተን ተመልሰው መጡና፣ በሩን ዘግተን፣ የራሳቸውን ሁለት ጊዜ አሰማናቸው። “ሙዘይንን ደህና አድርገህ ጠርተኸዋል” አሉ ሲወጡ።

የሀጂ መርዶ ከሁሉ በላይ ነው የተቀመጠው፤ ስማቸው ከነ“ሀጂ”ው ተጽፎ በሀ ስለሚጀምር። ስለዚህ ድምፅ ጠፍቶ ስንሞክር ሳናስበው የምንከፍተው እሱን ሆነ። በአንድ የገበያ ቀን ድምፁ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ዋለ። ኮፍያው ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ መጨረሻ የሰማው ተጠየቀ። የድምፁ መውጫ ትክክል ነው፣ አባልነቱ አለ፣ ምሰሶዎቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። የድምፁን ፕሮግራም አጥፍተን አስነሣነው። የሀጂ መርዶ እየተደጋገመ እንዲሄድ አድርገን፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገን አዳመጥን። ዝም። ጋሽ ዱካለ ጆሯቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ለጠፉ፣ ቀጥሎ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ላይ።

“ይኼኛው አይተነፍስም” አሉ።

ድንኳኑን የሚጠብቀው ሰውዬ አምፕሊፋየሩን ነቅሎ ሶኬቱ ላይ ስልኩን ቻርጅ እያደረገ ነበር። እኔ ተናድጄ ስልኩን ነቀልኩና አምፕሊፋየሩን ሰካሁ።

“የእድራችን ሊቀመንበር ሀጂ ሙዘይን ወደ አኼራ ሄደዋል” አለ ጣሪያው፣ ዲላን በሚያዳርስ ድምፅ። ማቆሚያውን እስካገኘው ሦስት ጊዜ ሄዱ።

ሰፈራችን ለቅሶ ላይ ሰነፍ አይደለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ሀጂ ሱቅ ሮጡ። ወጣቶቹ ድንኳኑን ከፊታችን ላይ አንስተው ጋሪ ላይ ጫኑት፤ ጋሽ ዱካለ “የለም፣ ቆዩ!” ቢሉም ሐዘን ነው ብለው አጽናኗቸው። ሀጂ ሙዘይን ሚስማር እየመዘኑ ነበር። ጆሯቸው ከበድ ስለሚል መርዶውን አልሰሙም። ሰዎቹ እያለቀሱ ሲመጡ ሲያዩ ሚዛኑን ትተው ኮታቸውን አነሱ።

“ማን ሞቶ ነው?” አሉ።

የፊተኞቹ ሴቶች ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

“ተናገሩ እንጂ! እኔ የእድሩ ሊቀመንበር አይደለሁም? ድንኳኑ ወጣ?”

“ወጥቷል” አላቸው አንዱ። “እርስዎ ኖት።”

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ይርጋጨፌ ያሉት የእህታቸው ልጆች በስልክ ሰምተው አውቶቡስ ተሳፍረው ከተፍ አሉ። አልቅሰው የመጡ ሰዎች ባዶ አፋቸውን አይመለሱምና ሀጂ ለገዛ ለቅሷቸው ምሳ አበሉ። በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሀጂ ሙዘይን ጡሩንባውን ከሚስማሩ አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

“ከእንግዲህ እኔ በእውነት ብሞት ማን ያምነኛል?” አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ዱካለ ተነስተው ቆሙ። ጡሩንባውን አዩት። ደረታቸው እንደማይችለው ሁላችንም እናውቃለን።

“እኔ ማሽን ከመሞከር አልቀርም” አሉ። “ካልሞከርኩት የእውነቱ ቀን ዝም ትላለች። በሌላ ሰው ግን አልሞክርም። ከዛሬ ጀምሮ የሚሞተው እኔ ነኝ።”

ኮሚቴው ተማከረ። ከዚያ በቃለ ጉባኤ አጸደቀላቸው። ጡሩንባው ወደ ሚስማሩ ተመለሰ።

የራሳቸውን መርዶ የቀዱት በዚያው ከሰዓት ነው። ለሁሉም ሰው “አቶ”፣ “ወይዘሮ” ይላሉ፤ ለራሳቸው ግን አላሉም። “የእድራችሁ አባል ዱካለ ወደ ጌታው ሄዷል። የቀብሩ ሰዓት” ይላል። እዚህ ላይ ቀረጻው ያቆማል። ሙከራ ሲሆን ማይኩን ከፍተው፣ ሁለቴ ስለው፣ “አለሁ። ሙከራ ነው” ይላሉ።

እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ጊዜ ሞቱ። ሰፈሩ ቀስ ብሎ ለመደው። የጋሽ ዱካለ መርዶ የምሥራች ሆነ፤ ድምፁ ተስተካክሏል ማለት ነው። ባጃጅ ነጂዎቹ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው “ጋሽ ዱካለ፣ ዛሬ ጥርት ብለው ነው የሞቱት” ይሏቸዋል። አናናስ ሻጯ ስምንተኛው ይሻል ነበር ትላለች። አንዴ አዲስ የተከራየ አስተማሪ መርዶውን እውነት መስሎት እያለቀሰ ቤታቸው ሄደ። በሩን የከፈቱለት ጋሽ ዱካለ ናቸው። አመስግነው አስገቡት፣ ምሳ አብልተው ሸኙት። ነገር ግን ሰፈሩ “እሰይ” ቢልም ሥራውን የሚቀጥለው ያቺን “አለሁ” ከሰማ በኋላ መሆኑን እኔ ከሱቄ በር ላይ ሆኜ አያለሁ። መጥረጊያ የያዘች መጥረጊያዋን እንደያዘች ቀና ብላ ትጠብቃለች። ሳሉ ይሰማል፣ “አለሁ” ይላሉ፣ መጥረጊያው ይቀጥላል።

አንድ ቀን፣ ከዘጠነኛው በኋላ ይመስለኛል፣ ኮፍያቸውን ከስክሪኑ ላይ ሲያነሱ ጠየቅኋቸው።

“ጋሽ ዱካለ፣ ይህ ነገር አይከብድዎትም?”

“መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። አሁን ሞቼ ሰው እሰይ ሲል እሰማለሁ።” ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ሳሉ ሲለቅቃቸው “የእውነቱ ቀን ነው የሚቸግረው” አሉ። “ማን ይመጣል? ዱካለ ማሽን እየሞከረ ነው ብለው ይቀመጣሉ። እኔ በሰው እጅ መቀበር እፈልጋለሁ፣ ሰብለ።”

“እኔ እነግራቸዋለሁ” አልኩ።

“አንተ ሰዓቱን ትጨምራለህ። ‘አለሁ’ የምልበት ቦታ ላይ ሰዓቱን ታስገባለህ። ያኔ ያምናሉ።”

“እሺ” አልኳቸው። እንዲህ ላለ ነገር ሰው በቀላሉ እሺ ይላል።

ያን ጠዋት እትዬ አስቴር ሱቄ ሲመጡ ሁለት ጎረቤቶች ቤቱን ይዘውላቸው ነበር። ማንም እንዳያለቅስ እትዬ አስቴር ከልክለዋል። መርዶው ሳይነገር እንዳይለቀስ፣ መርዶውም በራሱ በዱካለ ድምፅ እንዲነገር ይፈልጋሉ። “ይህን ሁሉ ዘመን የሰው መርዶ ነገረ፤ የሱን ሌላ ሰው አይነግርም” አሉ። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆርጧል። ወርቃ ያሉት የጋሽ ዱካለ ወንድሞች መንገድ ላይ ናቸው። ጉድጓድ የሚቆፍሩት፣ ድንኳን የሚተክሉት፣ ሬሳ የሚሸከሙት ግን የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ የሚነሡት መርዶውን ሲሰሙ ነው። የሚያምኑ ከሆነ።

እድሩ ቤት ገባን፤ እትዬ አስቴር ጥግ ባለው ሌላ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የጋሽ ዱካለን ኮፍያ ይዘው መጥተዋል። ምን እንደማደርገው አላወቅሁም፣ ስክሪኑ አናት ላይ አኖርኩት። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ድምፁ ይጠፋል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ፤ መውጫውን፣ ምሰሶዎቹን፣ ገመዱን፣ ሶኬቱን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል በልቤ ይዣለሁ። እንዲጠፋም ሳልመኝ አልቀረሁም፤ ጠፍቶ ቢሆን ጥቂት ጊዜ አገኝ ነበር። በዚያን ቀን ግን ምንም አልጎደለበትም። ስሞክረው በአንድ ጊዜ በትክክል ሠራ።

“የእድራችሁ አባል ዱካለ ወደ ጌታው ሄዷል” አለ ጣሪያው። “የቀብሩ ሰዓት”።

ከመንገዱ “እሰይ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዱ “በጠዋት ተስተካከለች” አለ።

ማይኩን ከፈትኩ። ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው ያለብኝ፤ ሁለት ቃል ነች። አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣም። ሱቅ ውስጥ ከደንበኛ ጋር ጧት ማታ የምጨቃጨቅ ሰው ነኝ። እንደገና ሞከርኩ። ትንፋሼ ብቻ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ በሰፈሩ ላይ ሄደ። በመስኮቱ አየኋቸው። አናናስ ሻጯ ቢላዋዋን ይዛ ቀና ብላለች። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን አጥፍቷል። ሁሉም ሳሉን እየጠበቁ ነው። ትንሽ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ፣ ከዚያም ቆመው ቀሩ።

ሀጂ ሙዘይን ሜትር በእጃቸው እንደያዙ መንገዱን ተሻግረው ገቡ። የሰዉን መቆም አይተው እንጂ ሰምተው አልነበረም።

“ምን ሆናችሁ? ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ማይኩ እምቢ አለ?” አሉኝ። ማይኩ ክፍት ነበር፤ ድምፃቸው ከጣሪያው ላይ እየጮኸ ሲመለስ አልሰሙትም። “የታለ ዱካለ?”

ገመዱን በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉ። ከዚያ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ያለውን ኮፍያ አየ። ድምፅ ጠፍቷል ማለት ነው ለእሳቸው። በእነዚህ ዓመታት እሳቸውም ተምረው ኖሯል፤ ቃለ ጉባኤ አልጠየቁም። መነፅራቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉና፣ ልክ እንደ ጋሽ ዱካለ አድርገው፣

“እሺ፣ መጨረሻ የሰማው ማነው?” አሉ።

“እኔ ነኝ” አሉ እትዬ አስቴር።

ሀጂ ዘወር አሉ። እዚያ ጥግ ላይ መኖራቸውን ያኔ ነው ያዩት። ነጠላቸውን አዩ።

“ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው” አሉ እትዬ አስቴር። “‘ዝናቡ ቆመ?’ አለኝ። ቆሟል አልኩት። ‘እንግዲያው ሰው ይመጣል’ አለ። ከዚያ አልተናገረም።”

ይህን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። ውጭ የአናናሱ ቢላዋ ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያዋ ሴት ጩኸት። ሀጂ ሙዘይን ሜትሩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ወደ እኔ አዩ፣ አለመቻሌን አዩ። ተነሥተው ወደ ማይኩ ጎንበስ አሉና፣

“ዘጠኝ ሰዓት” አሉ።